የሙኒር ቪዲዮ ቤትና የእማዬ ለቅሶ

ልደታ፣ ግንቦት 2008 ዓ.ም.

ውድ ሙኒር፣

እንዴት ከርመሃል? ሺፋና ልጆቹስ ደህና ናቸው? ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ሳኒ መርዶውን ነግሮሃል ማለት ነው። የአጎትህ ልጅ ነው፣ ሥራውም ኮምቦልቻ ያመላልሰዋል፤ ስለዚህ «መጀመሪያ ቁጭ አድርገህ ንገረው፣ ውሃም አጠጣው፣ ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ ስጠው» ብዬ አደራ ብዬዋለሁ። አዎ፣ እማዬ አርፋለች። ፋሲካን ከእኛ ጋር ፈስካ፣ ዶሮዋን በልታ፣ «ዘንድሮ በርበሬው በዝቷል» ብላ ተችታ፣ በሳምንቱ አልጋዋ ላይ እጇን እንደያዝኩት አረፈች። አልተሰቃየችም። ስለዚህ ልብህ አይሰበር።

ስልክ መደወል እችል ነበር። ግን መርዶ በስልክ ደስ አይልም፤ ደግሞም በስልክ የማይዘለቅ ብዙ ወሬ አለኝ። አንተ የዚያን የዝናብ ቀን ነገር የምታውቀው ግማሹን ነው፣ ቪዲዮ ቤትህ ውስጥ የሆነውን። ከዚያ በፊት ቤታችን ምን ይመስል እንደነበር፣ በኋላም እኔ ላይ ምን እንደደረሰ ቁጭ ብዬ ነግሬህ አላውቅም። ዛሬ ልንገርህ።

አንተ እማዬን በደንብ ያወቅሃት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በደጅህ ስታልፍ «እማማ ወለተሰንበት፣ እንደምን ዋሉ?» ትላታለህ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትልሃለች፣ አበቃ። እቤትም ከዚያ ብዙ የበለጠ አትናገርም ነበር። ክፉ እናት እንዳይመስልህ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ፤ ርቦኝ አያውቅም፣ ቀሚሴም ተቀዶ ሳይሰፋ አድሮ አያውቅም። ግን እጇ እንጂ ፊቷ አያናግረኝም። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ማለፌን እየሮጥኩ መጥቼ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። «ደግ» አለችና ቀና ሳትል መልቀሟን ቀጠለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ የጋለ ብረት ድስት በባዶ እጇ ስታነሳ አይቼ እኔ ጮህኩ። እሷ ድስቱን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና መዳፏን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጣ አየችው። ለቅሶ ቤት ስትሄድ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ታደርጋለች እንጂ እንባ አይወጣትም። የሰፈር ሴቶች «የወለተሰንበት ልብ ድንጋይ ነው» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ወንድም እንደነበረኝ አውቅ ነበር። ዮፍታሔ ይባላል። በ1970 ዓ.ም. እኔ ስምንት ዓመት ገደማ ሳለሁ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። መሞቱን ማንም አልነገረኝም፤ ልብሱ ከመስቀያው ላይ ሲጠፋ፣ ስሙም ከሰው አፍ ሲጠፋ ገባኝ። አንድ ጊዜ «ዮፍታሔ መቼ ነው የሚመጣው?» ብዬ ስጠይቅ እማዬ አፌን በመዳፏ ያዘችው። አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም፣ ያዘችው ብቻ። እኔም ዳግመኛ አልጠየቅኩም።

አድጌ ልደታ ፍርድ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። በዚያን ሰሞን የደርግ ዘመን ግድያዎች ክስ ይሰማ እንደነበር ታስታውሳለህ። ምስክሮች ይናገራሉ፣ እኔ በታይፕ እመታለሁ። ስንት እናቶች ከፊቴ ቆመው ልጃቸው ከየት እንደተወሰደ ተናገሩ። ዳኛው «ምስክሯ አለቀሱ ተብሎ ይመዝገብ» ሲሉ «ምስክሯ አለቀሱ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ለእረፍት ስንወጣ ደግሞ ሻይዬን በዳቦ እጠጣለሁ። ጎበዝ ሠራተኛ ነበርኩ። ምንም ስለማይሰማኝ ስህተት አልሠራም ነበር። አንድ ማታ እራት ላይ «እማዬ፣ ስለ ዮፍታሔ አንቺም ምስክር መሆን ትችያለሽ እኮ» አልኳት። «ምን ብዬ? ረስቼዋለሁ» አለችና ብርጭቆውን ልታጥብ ተነሳች። አመንኳት። እኔም የረሳሁት መስሎኝ ነበር።

ያቺ ቪዲዮ ቤትህ ደግሞ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጫፍ ላይ ነበረች፣ መስኮቷ በካርቶን የተሸፈነ፣ አግዳሚዎቿ ሲቀመጡባቸው ሲጥ ሲጥ የሚሉ። ጎረምሶቹ የሚፈልጉት ካራቴ ነው፣ አለዚያም የህንድ። አንተ ግን ሰው ሲቀንስ ጠብቀህ እነዚያን ጥቁርና ነጭ ፊልሞችህን ቪዲዮ ዴኩ ውስጥ ትከታለህ፤ ከሰማይ የወረደ ፍጡር፣ ከላብራቶሪ ያመለጠ ነገር፣ አገር ሙሉ ሲሸሽ። ድምፁን ትቀንስና ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመህ በአማርኛ ትናገርላቸዋለህ። ወንዱም ሴቷም ጭራቁም አንተ ነህ። ከሥራ ስመለስ በርህ ላይ ቆሜ እስቅብህ ነበር። «ሙኒር፣ ትልቅ ሰው ሆነህ ይሄን ታምናለህ?» ስልህ የመለስክልኝን አልረሳውም።

«ጭራቁን ተይው» አልከኝ። «ጭራቁ የላስቲክ ነው፣ ከጀርባው ዚፑ ሁሉ ይታያል። አንቺ ሰዎቹን እያቸው። እነዚህ ፊልም ሠሪዎች በአገራቸው በግልጽ መናገር የፈሩትን ነው ከሰማይ መጣ የሚሉት። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲጠረጥር፣ ሰው እየኖረ ውስጡ ሲሞት፣ እሱ ነው የሚያስፈራው።»

«አራዳ!» ብዬህ ስቄ ሄድኩ። ስለ እኛ ቤት እንዳወራህ አልገባኝም። አንተም አታውቅም ነበር።

ያን ቀን በ1989 ሐምሌ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እማዬና እኔ ከልደታ ማርያም ስንመለስ ዝናቡ ድንገት ወረደብን። ጃንጥላችን ተገለበጠ። አንተ ከበሩ ላይ ሆነህ «እማማ፣ ይግቡ! ሃኒ፣ አስገቢያቸው እንጂ!» ብለህ ጠራኸን። እማዬ በሕይወቷ ቪዲዮ ቤት ገብታ አታውቅም፤ «እስኪያባራ እዚሁ በሩ ሥር እቆማለሁ» ስትል ክንዷን ይዘህ አስገባሃት፣ ከፊት ያለውን አግዳሚ በእጅጌህ ጠርገህ አስቀመጥካት። ከኋላችን ጥቂት ጎረምሶች ነበሩ። ፊልሙ ገና መጀመሩ ነበር።

አንተ መቶ ጊዜ አይተኸው ይሆናል፤ እኔ ግን ያኔ ብቻ ስላየሁት እንደማስታውሰው ልጻፈው። አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ ከሰማይ ግራጫ አቧራ ይወርዳል። አቧራውን የተነፈሰ ሰው አይታመምም፣ አይሞትም፤ መልኩም አይለወጥም። በነጋታው ሥራ ይገባል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ዳቦ ይገዛል። የሚጎድለው ስሜቱ ብቻ ነው። ልጁ ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ እያየ ጋዜጣውን ይገልጣል። እያደር እነዚህ ሰዎች ይበዙና አቧራው ያልነካቸውን መፈለግ ይጀምራሉ። ጎረምሶቹ ሰልችቷቸው «ሙኒር፣ ጭራቁ መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው ጮኹ። አንተም «መጥቷል እኮ፣ እያያችሁት ነው» አልካቸው፤ ሳቁ። እማዬ ነጠላዋን ጨምቃ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ፊልሙን ታያለች።

ከዚያ ያ ትዕይንት መጣ። አቧራው የያዛቸው ሰዎች አንድ ወጣት ገድለው መንገድ ዳር ያስተኙታል። የከተማው ሰው በአጠገቡ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ እነሱ ቆመው የአላፊውን ፊት ይመለከታሉ። ፊቱ የተለወጠ ይያዛል። የልጁ እናት ከሱቅ ስትመለስ፣ ዘንቢሏን ይዛ፣ ከመንገዱ ማዶ ብቅ አለች። አንተ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «አየችው… ልጇ ነው…» ትላለህ።

እማዬ ብድግ አለች።

«ዞር እንዳትዪ!» ብላ ጮኸች። «ዞር እንዳትዪ እህቴ፣ ፊትሽን እያዩ ነው! ወደ ፊት እዪ! ምላስሽን ንከሺው! ዘንቢሉን አጥብቀሽ ያዢ፣ እንዳይወድቅ! ሂጂ… ሂጂ… ቤትሽ ግቢ!»

ጎረምሶቹ በመጀመሪያ ሳቁ። አንዱ «እናት ገብተውበታል!» አለ። ቀጥሎ ግን ድምፅዋን ሰሙና ሳቁ ተቆረጠ። አንተም መተርጎም አቆምክ። እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ዞሬ በሩን አየሁት። ማን ሰማን ብዬ። ደርግ ከወደቀ ስንት ዓመቱ፣ እኔ ግን በሩን አየሁ።

ፊልሙ ውስጥ ሴትየዋ አለፈች። ቤቷ ገብታ ዘንቢሏን አስቀምጣ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። እማዬም ቀስ ብላ ተቀመጠች። አንተ ልታጠፋው ስትል «ተው፣ ልጨርሰው» አለችህ። መጨረሻው ላይ ወታደሮች መጥተው አቧራውን አጠፉት፣ ከተማው ዳነ፣ ሰው በየመንገዱ ተቃቀፈ። ያቺ እናት ግን ከሕዝቡ መካከል ያው ፊቷን ይዛ ቆማለች። ሐኪሙ ቀርቦ «አቧራው ነክቶሻል ወይስ አልነካሽም?» ብሎ ጠየቃት። አንተ መልሷን «አላውቅም» ብለህ ተረጎምከው። ፊልሙ በዚያው አለቀ።

«አልነካትም» አለች እማዬ። «እኔ ልንገርህ፣ አልነካትም። እዚያው አለች። ውስጥ ውስጡን አለች።» ከዚያ ነጠላዋን ከጉልበቷ ላይ አነሳችና «ዮፍታሔ!» ብላ ጮኸች። «ዮፍታሔ ልጄ! ዮፍታሔ!» ስሙን ከአፏ ስሰማ ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቴሌቪዥኑን አጠፋህ። ካርቶኑን ከመስኮቱ ላይ ገነጠልከው፣ ብርሃን ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ውሃ ያመጣል፣ «አይዞዎት፣ ፊልም እኮ ነው» ይላል። አንተ ግን መሬት ላይ እግሯ ሥር ተቀምጠህ «እማማ፣ ዮፍታሔ ማን ነው?» ብለህ ጠየቅካት። ማን እንደነበር የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ።

እሷም ነገረችህ፤ እኔ ልጇ ያልሰማሁትን ላንተና ለማታውቃቸው ጎረምሶች ነገረች። «ከገበያ ስመለስ ነው» አለች። «ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚመጣው መንገድ ዳር አስተኝተውታል። ሸሚዙን በዋዜማው ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጠመንጃ የያዙት ቆመው ሰው ሰውን ያያሉ። ያለቀሰች እናት ናት፤ እናት ከሆነች ቤት አላት፤ ቤቷ ይፈተሻል። ይቺ ልጄ እቤት ነበረች፣ ብቻዋን ዘግቼባት ነው የወጣሁት። ምን ላድርግ? አለፍኩ። ልጄን አልፌው ሄድኩ። እቤት ገብቼ ወጥ ሠራሁ። ለቅሶም መቀመጥ ክልክል ነበር። ከዚያ በኋላ… ከዚያ በኋላ ምንም የለም ልጄ። እስከ ዛሬ ምንም የለም።»

ጎረምሶቹ አንድ በአንድ ተነስተው ቆሙ። ያ «ገብተውበታል» ያለው ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያለቅስ ነበር። አንተም እንዲህ አልክ፦ «ታዲያ እማማ፣ አሁን ማን ይከለክለናል? ለቅሶውን እንቀመጥ።»

የእድሩን ነገር እንደማትረሳው አውቃለሁ፤ አብረን ነው የሄድነው። ጋሽ ገረሱ የእድሩ ዳኛ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ድንኳን እንዲሰጡን ስንጠይቅ ግራ ገባቸው።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

«ወንድሜ፣ ዮፍታሔ» አልኳቸው።

«ዮፍታሔ… ያ በቀይ ሽብር ጊዜ?» ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ይሄ እንዴት ይሆናል? ደንቡ የሚለው ሰው በሞተ ዕለት ነው። አባላቱ ምን ይሉኛል? ነገ ሁሉም እየተነሳ የድሮ ሟቹን ቢያመጣስ?»

አንተ በትሕትና «ቢያመጣስ ጋሼ? ያልተለቀሰለት ካለ ያምጣ» አልካቸው።

ጋሽ ገረሱ ዝናቡን ሲያዩ ቆዩ። በኋላ ቀና ሳይሉ «እኔም በዚያ መንገድ አልፌያለሁ» አሉ። «ልጁን አውቀው ነበር። ብስክሌቴን የሚያበጅልኝ እሱ ነበር። እንደማላውቀው ሆኜ አለፍኩ። ቤት ስደርስም ለባለቤቴ አልነገርኳትም።» ተነሱና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡን። «ድንኳኑን ውሰዱ። ጥሩንባ ነፊውን እኔ እልከዋለሁ።»

እንዲህ ሆኖ በማግስቱ ጥሩንባው ተነፋ። የቪዲዮ ቤትህ አግዳሚዎች ሁሉ በሸክም መጥተው እኛ ግቢ ተደረደሩ። እናትህ እሜቴ ሶፊያ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሴቶች ጋር ምግብ ተሸክመው መጡ፤ ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፤ ጎረምሶችህ ውሃ ቀዱ፣ እንግዳ አስተናገዱ። ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ግቢው አልበቃ ብሎ እስከ መንገዱ ወጣ። ብዙዎቹ የሚያለቅሱት ለዮፍታሔ ብቻ እንዳልነበረ በዓይኔ አየሁ፤ እያንዳንዱ የራሱን ስም እየጠራ ነበር። ጋሽ ገረሱ ስለ ብስክሌቱ አወሩ። አንዲት ሴት ዮፍታሔ ሲያፏጭ ከየትኛው መታጠፊያ እንደሚሰማ ተናገረች። እኔ ያን ቀን ነው ወንድሜን የተዋወቅሁት፤ የሚያፏጭ፣ ከእጁ ዘይት የማይጠፋ፣ እናቱን «ወለቴ» ብሎ የሚጠራ ልጅ ነበር።

እኔ ግን አላለቀስኩም።

አንተ ይህን አይተሃል። አግዳሚዎቹን ስትመልስ ከበሩ ላይ ቆም ብለህ «አንቺስ ሃኒ? አንቺ አላለቀስሽም» አልከኝ። በክፋት አልነበረም። እኔ ግን «አንተ ፊልምህን አሳይ» ብዬ በሩን ዘጋሁብህ። ከዚያም ለወራት በደጅህ ላለማለፍ መንገድ እቀይር ነበር። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅከኝም፣ ስንገናኝም ሰላምታህ አልቀነሰም። አሁን ልንገርህ። እማዬ ያን ሁሉ ዓመት ደርቃ የቀረችው ለእኔ ስትል መሆኑን ቪዲዮ ቤትህ ውስጥ ስሰማ እኔ ባልኖር ኖሮ ልጇን አቅፋ ታለቅስ ነበር ብዬ አሰብኩ። እንዲህ እያሰብኩ እንዴት አለቅሳለሁ? በማን ላይ?

አንድ ቀን ችሎት ላይ አንድ ሽማግሌ ለምስክርነት ቆሙ። የታላቅ ልጃቸውን ሬሳ አይተው «አላውቀውም» ማለታቸውን ተናገሩ። ጠበቃው ለምን ብሎ ሲጠይቃቸው «ሌሎቹ ልጆች ነበሩኛ» አሉ። ይህንኑ ብቻ። እኔ «ሌሎቹ» የሚለውን መትቼ ጣቶቼ ቆሙ። ዳኛው «ታይፒስቷ፣ ቀጥይ እንጂ» አሉኝ። ልቀጥል ብዬ ስሞክር ከሆዴ አንድ ድምፅ ወጣ፣ የእኔ አልመሰለኝም። ጮክ ብዬ አለቀስኩ፣ በሙሉ ችሎት ፊት። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ችሎቱ ለጊዜው ይቋረጥ አሉ። ሽማግሌው ከመመስከሪያው ወርደው ወደ እኔ መጡና ራሴን ዳሰስ አድርገው «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ፤ «ለልጄ ስላለቀስሽልኝ እግዜር ይስጥሽ»። ለእሳቸው ልጅ፣ ለዮፍታሔ፣ ለእማዬ፣ ለእኔ፤ ለሁላችንም ነበር።

አስፈቅጄ ወደ ቤት በረርኩ። እማዬ ልብስ እያሰጣች ነበር። ትንፋሼ ሳይመለስ «እማዬ፣ እኔ ባልኖር ኖሮ ያን ቀን ታለቅሺለት ነበር?» አልኳት።

የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጥላ አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ሙሉ ለሙሉ ወደ እኔ ዞረ ብልህ ማጋነን አይደለም።

«አንቺ ባትኖሪ ኖሮ እዚያው አጠገቡ እተኛ ነበር» አለች። «እግሬን ያስኬደሽው አንቺ ነሽ። ወደ ቤት ያስገባሽኝ አንቺ ነሽ። ምን መሰለሽ ታዲያ?»

ከእርጥቡ አንሶላ ሥር ተቃቅፈን ቆምን። ጎረቤት ሁሉ አየን። ማን አየን አላልንም።

በማግስቱ ቪዲዮ ቤትህ መጥቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። አይተኸኝ ምንም አላልክም፤ ፊልምህን ቀጠልክ። ያን ቀን ልነግርህ ፈልጌ ሳልነግርህ የቀረሁት ይህን ነበር። አመሰግናለሁ ሙኒር። ስንት ዓመት ያዘገየሁት ቃል ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንተም ታውቃለህ፤ ግን ሳስታውሰው ደስ ስለሚለኝ ልጻፈው። እማዬ መቆጣት ጀመረች! ጨው በዛ፣ ጎረቤት ረበሸ፣ ታክሲው ተሳደበ እያለች ትጮኻለች፤ እኔ ደግሞ እየሰማኋት እስቃለሁ። እጇን ትንሽ ሙቀት ሲነካት «ወይኔ ተቃጠልኩ!» ብላ ሰፈሩን ታነቃንቃለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ አንተ ጋ ትመጣለች፤ «ያ የሰማይ ሰዎች ፊልም የለም ወይ?» ትልሃለች። ካራቴ ካየች «እነዚህ ሁሉ እናት የላቸውም?» ብላ ጎረምሶቹን ታስቃለች። አንድ ዋና ተዋናይ ሲያለቅስ «ይሄ ውሸቱን ነው፣ አፍንጫው አልቀላም» ያለችውንና አንተ መተርጎም አቅቶህ መሬት ላይ የተቀመጥከውን ታስታውሳለህ? ሰፈራችን ሊፈርስ ሲል፣ አንተም የአባትህን ሱቅ ልትይዝ ወደ ኮምቦልቻ ስትሄድ፣ እማዬ መኪናው እስኪሰወር ቆማ አለቀሰችልህ። ሰው በሕይወት እያለ አይለቀስለትም ስላት «እኔ ያመለጠኝ ብዙ ነው፣ ተይኝ» አለችኝ።

እዚህ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ በደስታ ነው የኖረችው። ደረጃው ቢያደክማትም በየፎቁ ማረፊያ ወዳጅ ስላበጀች ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅባት ነበር። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር አንድ ቀን እስከ አያት አብረን ሄደን አብረን ተመለስን፤ መንገዱን ሙሉ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ብርቱካን እየላጠች ሰጠች። ስትታመም «እኔን ስትቀብሩ ማንም ማንንም ዝም በል እንዳይል» አለች። እኛም አላልንም። እንደ ልባችን ጮኸን አለቀስን። እኔ ከሁሉ በላይ ጮኽኩ፣ ድምፄ እስካሁን አልተመለሰም። በሰልስቱ ደግሞ አንዷ ጎረቤት እማዬ በቴሌቪዥን ዜና አንባቢው ላይ እንዴት ትቆጣ እንደነበር አስመስላ ስታሳይ ድንኳኑ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ዓይኔ እንባ ሞልቶት እስቃለሁ። ሁለቱንም ባንዴ መቻል ምን ያህል ደስ እንደሚል ልገልጽልህ አልችልም።

እኔ ደህና ነኝ። አትስጋልኝ። እተኛለሁ፣ እበላለሁ፣ ትናፍቀኛለች፣ ስትናፍቀኝም ይታወቀኛል።

አርባዋ ሰኔ ውስጥ ነው፤ ሺፋንና ልጆቹን ይዘህ ና። ሰፈሩን አታውቀውም፣ ያወቅከው ሁሉ ፎቅ ሆኗል። ባቡር ከያዝክ ልደታ ስትደርስ ውረድና የእማማ ወለተሰንበትን ልጅ ቤት ጠይቅ፤ የማያሳይህ የለም። ለቅሶህን ደግሞ ቤቴ በር ላይ እስክትደርስ አትያዘው። ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምረው። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፣ ሰምተው ይወጣሉ፤ እኔ ዘንድ እስክትደርስ አብረውህ እያለቀሱ ይወጣሉ።

እህትህ ሃኒ